በፓራቦል ሬትሮ መጀመር፦ ከመጀመሪያው ሰሌዳ እስከ ክህሎት ግንባታ

አንድ ዙር ሥራ ሲያልቅ ቡድኑ ተቀምጦ «ምን ሠራልን? የት ላይ ተያዝን? በሚቀጥለው ምን እንለውጥ?» ብሎ የሚነጋገርበት ስብሰባ በሶፍትዌር ቤቶች ሬትሮ ይባላል፤ ሬትሮስፔክቲቭ ከሚለው ያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የሶፍትዌር አሠራር ሰነድ፣ የአጃይል ማኒፌስቶ፣ ካስቀመጣቸው 12 መርሆዎች የመጨረሻው ይኸው ነው፤ ቡድኑ በየጊዜው አሠራሩን መለስ ብሎ አይቶ እንዲያስተካክል ይጠይቃል። ልማዱ ከፕሮግራመሮች ቢነሣም ለሂሳብ ክፍል፣ ለመስክ ቡድን፣ ለክሊኒክ ባልደረቦችም እኩል ይሠራል።

እዚህ የምናሳየው ከ4 እስከ 10 ሰው ያለው ቡድን ፓራቦል በሚባለው የድረ ገጽ መድረክ ላይ እንዴት እንደሚጀምርና ከሬትሮው የወጣውን ችግር እንዴት ወደ ክህሎት ሥልጠና እንደሚያሻግረው ነው። ፓራቦልን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ካርዱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሐሳቡን የሚያሰፍርበትን አጭር ማስታወሻ፣ ማን እንደጻፈው ሳይታይ መጻፍ ማስቻሉ ነው። የስብሰባውን ደረጃዎችም ራሱ በቅደም ተከተል ይመራል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ መረጃው ከግቢ እንዳይወጣ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው ይችላል።

መጀመሪያ ስሙን ያስተካክሉ

ስብሰባውን «ግምገማ» ብለው አይጥሩት። ቃሉ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የራሱ ታሪክ አለው። ሰው በጓደኞቹ ፊት ተነሥቶ ጥፋቱን የሚናዘዝበት፣ ሌላው የሚተችበት፣ መጨረሻው ቅጣት ወይም ዝውውር ሊሆን የሚችልበት መድረክ ለብዙዎች ትዝ ይላቸዋል። «ዓርብ ግምገማ አለ» የሚል መልእክት የደረሰው ሠራተኛ ሐሙስ ማታ የሚያዘጋጀው መከላከያውን ነው። «ሬትሮ» ይበሉት፤ ወይም «ወደኋላ የምናይበት ሰዓት»።

ስሙ ብቻውን ግን አይበቃም። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የቡድኑ ኃላፊ አንድ ነገር በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት፦ እዚያ የሚባለው ነገር ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና አይገባም፤ በቢኤስሲ፣ ማለትም በውጤት መለኪያው፣ ነጥብም ሆነ በደረጃ ዕድገት ላይ አይቆጠርም። ኃላፊው ይህን ለማለት ካልፈቀደ ሬትሮውን አይጀምሩ። ያለዚህ ቃል የሚሰበሰቡት ካርዶች በሙሉ «ሁሉም ነገር ጥሩ ነው» የሚሉ ይሆናሉ፤ ቡድኑም አንዴ ካመነታ በኋላ እምነቱን መመለስ ወራት ይፈጃል።

አካውንትና ቡድን መክፈት

የፓራቦልን ድረ ገጽ ከፍተው በጉግል አካውንት ወይም በኢሜይልና በይለፍ ቃል ይመዝገቡ። ከዚያ ቡድን ይፍጠሩና አባላቱን በኢሜይል ወይም በመጋበዣ ሊንክ ይጥሩ። ሊንኩን በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ከኢሜይል ይሻላል፤ የኢሜይል ግብዣ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ነፃው ደረጃ ለአንድ ትንሽ ቡድን ይበቃል። ገደቦቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለወጡ ግን የዋጋ ገጹን አንዴ አይተው ይጀምሩ።

እዚህ ላይ የሚያጋጥመው የተለመደ ችግር አንድ ሰው በሁለት አካውንት መግባቱ ነው፤ በስልኩ በግል ጂሜይሉ፣ በቢሮው ኮምፒውተር በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል። ቡድኑ 7 ሰው ሆኖ ሰሌዳው ላይ 8 ካሳየ ምክንያቱ ይህ ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ኢሜይል እንዲገባ አስቀድመው ይናገሩና ትርፉን ከቡድኑ ያስወጡ።

የመድረኩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ካርዶቹን ግን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው፤ በስልክ ጂቦርድ ይበቃል። ሁሉም በፊደል ወይም ሁሉም በላቲን እንዲጽፍ አስቀድመው ይስማሙ። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ከሰባት ሰው አንዱ ብቻ በላቲን አማርኛ የሚጽፍ ከሆነ ካርዱ ስም ባይኖረውም ባለቤቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሰዓቱን ሁለቴ ያረጋግጡ

ፓራቦልም ሆነ የጉግል ካላንደር የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «10 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ተብሎ በቃል የተነገረው ቀጠሮ ካላንደሩ ላይ ጠዋት 10 ተብሎ ሲገባ የቡድኑ ግማሽ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። መልእክቱን ሁልጊዜ በሁለቱም ይጻፉ፦ «ዓርብ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ በካላንደሩ 16፡00»። አሜሪካ ያለ አባል ካለ ደግሞ የአዲስ አበባ 16፡00 በዋሽንግተን በክረምታቸው ከጠዋቱ 8፡00፣ በበጋቸው 9፡00 ነው። እኛ ሰዓት ስለማናዞር ልዩነቱ የሚመጣው ከእነርሱ በኩል ነው፤ በፈረንጆቹ ማርችና ኖቬምበር ቀጠሮውን እንደገና ይዩት።

የስብሰባው ቅንብር

በፓራቦል አዲስ ስብሰባ ሲከፍቱ የሬትሮ ቴምፕሌቶች ዝርዝር ይመጣል። ብዛታቸው አያዘናጋዎት። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት ሁለት ዓምድ ብቻ ያለውን «ዎርኪንግ ኤንድ ስታክ» ይውሰዱ፦ ምን እየሠራልን ነው፣ የት ላይ ተያዝን። የዓምዶቹ ርዕስ እንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙን አስቀድመው በቴሌግራም ይለጥፉት። አራትና አምስት ዓምድ ያላቸው ቴምፕሌቶች ለለመደ ቡድን ናቸው፤ ጀማሪ ቡድን «ይህን ካርድ የት ላድርገው?» በሚል ጥያቄ ደቂቃውን ይጨርሳል።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ምርጫዎችን ይዩ። አንደኛው ማሟሟቂያ ጥያቄ ይኑር ወይ የሚለው ነው፤ ይኑር፣ ሰው አንዴ ከተናገረ ሁለተኛው ይቀልለዋል። ሁለተኛው ካርዶቹ ስም አልባ ይሁኑ የሚለው ነው፤ ምልክቱ መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡና ስክሪኑን ለቡድኑ ያሳዩ። ቡድኑ በዓይኑ ያላየውን ስም አልባነት አያምንም።

ለ7 ሰው ቡድንና ለሁለት ሳምንት ሥራ 60 ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ይክፈሉት፦ ማሟሟቂያ 5፣ ያለፈውን ጊዜ ውሳኔ ማየት 5፣ መጻፍ 8፣ መደርደር 7፣ ድምፅ መስጠት 3፣ ውይይት 27፣ መዝጊያ 5። ከ90 ደቂቃ ያለፈ ሬትሮ ሰው ይሰለቸዋል፤ ሁለተኛው ላይ የሚመጣው ሰው ያንሳል።

መጻፍ

በዚህ ደረጃ ሁሉም ዝም ብሎ ለየብቻው ይጽፋል። የሌላው ካርድ ጽሑፍ እስከሚቀጥለው ደረጃ አይነበብም። ይህ ዝምታ የሬትሮው ልብ ነው። በአፍ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚናገረው አለቃው ወይም ዕድሜው የገፋው ሰው ነው፤ ሌላው በይሉኝታ ይከተለዋል። በጽሑፍ ሲሆን ትናንት የተቀጠረችው ልጅ ካርድ ከዳይሬክተሩ ካርድ ጋር እኩል ይቀመጣል። አወያዩ ታይመር ያስጀምር፤ በ8 ደቂቃ ውስጥም ድምፅ አያሰማ።

በአማርኛ ስንጽፍ ግን ስም አልባነትን የሚሰብር ነገር አለ፤ ግሣችን ጾታ ይናገራል። «ዲዛይኑ መቀየሩን አልነገረችኝም» የሚል ካርድ፣ በቡድኑ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ካለች፣ ስሟን የጻፈ ያህል ነው። «ዲዛይኑ ሲቀየር ለባክኤንድ አልተነገረም» ቢባል (ባክኤንድ ከተጠቃሚው ጀርባ የሚሠራው የሶፍትዌሩ ክፍል ነው) ነገሩ ሳይለወጥ ክሱ ይወጣለታል። ለቡድኑ ይህን አንድ ደንብ ይስጡ፦ ካርድ ላይ ሰውን የሚያመለክት ግሥ አይግባ፤ «ተደረገ፣ አልተደረገም፣ ዘገየ፣ ጠፋ» ይበቃል። ሁለተኛው ደንብ፣ ካርዱ አንድ ቀን ወይም አንድ ሥራ ይጥቀስ። «ኮሙኒኬሽን የለም» ከሚል ካርድ ምንም አይወጣም። «ሐሙስ ማታ ሳይፈተሽ የተጫነው ማስተካከያ ዓርብ ጠዋት ክፍያ አቋረጠ» ከሚለው ግን ይወጣል።

ማንም ካልጻፈስ? ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ኃላፊው ከላይ ያልነውን ቃል አልሰጠም፤ ወይም ሰዎቹ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ረስተዋል፤ ወይም ኢንተርኔቱ ነው። ለመርሳት መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመጻፍ በፊት የሁለቱን ሳምንታት ዋና ዋና ክንውኖች ከቀናቸው ጋር በአምስት መስመር አንብቡላቸው። ኢንተርኔት ከሆነና የአንዱ ካርድ ለሌላው የማይደርስ ከሆነ የቢሮው ኔትወርክ ሰሌዳውን በየቅጽበቱ የሚያድሰውን ግንኙነት ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ኮምፒውተር ወደ ሞባይል ዳታ ቀይረው ይሞክሩ። ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮውን ይተዉና ድምፁን በቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ ውይይት፣ ሰሌዳውን በብራውዘር ያድርጉ። ኔትወርክ ጨርሶ የማያስተማምንበት ከተማ ያለ አባል ካለ የመጻፊያው ደረጃ በደቂቃ ፋንታ እስከ ነገ ድረስ ክፍት እንዲሆን ታይመሩ ላይ የማብቂያ ቀንና ሰዓት መስጠት ይቻላል። ሰው በተመቸው ሰዓት ይጽፋል፤ ውይይቱ ብቻ በአንድነት ይሆናል።

መደርደርና ድምፅ

አሁን ካርዶቹ ይገለጣሉ። ተመሳሳዩን በተመሳሳዩ ላይ ጎትቶ መጣል ነው፤ ማንኛውም አባል ይችላል። በስልክ መጎተት ስለሚያስቸግር ይህን ደረጃ ኮምፒውተር ላይ ላሉት ይተዉት። ለእያንዳንዱ ክምር መድረኩ ራሱ ርዕስ ይሰጣል፤ ለአማርኛ ካርድ ይህ ርዕስ አያስተማምንምና በእጅዎ ይጻፉት። ከ20 ካርድ ከ6 እስከ 8 ክምር መውጣት አለበት። ከዚያ ከበዛ ድምፁ ይበተናል።

ርዕስ ሲሰጡ መፍትሔውን አይጻፉ። «ቴስተር መቅጠር» ብሎ የተሰየመ ክምር ገና ሳይወያዩበት ተፈርዶበታል፤ «ሳይፈተሽ የሚጫን ሥራ» ይበሉት።

ፓራቦል በነባሪው ለእያንዳንዱ ሰው 5 ድምፅ ይሰጣል፤ በአንድ ርዕስ ላይ እስከ 3 ማሳረፍ ይቻላል። አወያዩ ቁጥሩን መለወጥ ይችላል፣ ለ7 ሰው ግን ልክ ነው። ለማግባባት አይፍቀዱ፤ «ይሄኛው አስፈላጊ ነው» የሚል ድምፅ ከኃላፊው አፍ ከወጣ ድምፅ መስጠቱ ትርጉም የለውም።

ውይይት፣ እና አንድ ባለቤት

ርዕሶቹ በድምፅ ብዛት ተደርድረው ይመጣሉ። ሦስቱን ብቻ ይውሰዱ፣ ለእያንዳንዱ 9 ደቂቃ። የቀሩት ይቆዩ፤ ችግሩ እውነተኛ ከሆነ በሚቀጥለው ሬትሮ ራሱ ይመለሳል።

9ኙን ደቂቃ ሦስት ቦታ ይክፈሉት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ምን እንደሆነ ብቻ ይነገር። በሁለተኛዎቹ ሦስት «ይህ እንዲሆን ያደረገው ምንድን ነው?» ይጠየቅ። ሰው ስም ሲጠራ አወያዩ ጥያቄውን ይቀይር፦ «እሱ ለምን አልፈተሸውም?» የሚለውን «በዚያ ሰዓት ለመፈተሽ ምን ይከለክል ነበር?» ያድርገው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገርም ነው፤ የመፈተሻ ሰርቨሩ ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፣ የሚያበራውን የይለፍ ቃል የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ፈቃድ ላይ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውሳኔ ይጻፍ።

ውሳኔው በዚያው ገጽ ላይ እንደ ታስክ ይገባል። ብዙ ሬትሮዎች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ታስኮች ያነጻጽሩ፦

«ከመጫን በፊት ፍተሻ ይሻሻል። ባለቤት፦ ቡድኑ።»

«የመፈተሻ ሰርቨሩን ማብራትና ማጥፋት በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ሁለተኛ ሰው ገጹን ብቻ ተከትሎ አብርቶ ያሳይ። ባለቤት፦ የባክኤንድ ባለሙያዋ። እስከ ረቡዕ።»

የመጀመሪያው የማንም አይደለም። ሁለተኛው ረቡዕ ማታ ተሠርቷል ወይም አልተሠራም፤ ሌላ መልስ የለውም። በአንድ ሬትሮ ከ3 ታስክ በላይ አይውጣ። ባለቤቱ ራሱ ይቀበል፤ በሌለበት ሰው ላይ ታስክ አይጫን።

ሲጨርሱ ስብሰባውን በሚዘጋው ቁልፍ ይዝጉት፤ ማጠቃለያው ለተሳታፊዎች በኢሜይል ይሄዳል። የውሳኔዎቹን ክፍል በጉግል ዶክስ አንድ ፋይል ውስጥ በየስብሰባው ቀን ስር ይለጥፉ። የስብሰባ ታሪክ በነፃው ደረጃ ለዘለዓለም ይቆያል ብለው አይመኑ። ታስኮቹ በፓራቦል ሰሌዳ ላይ በሥራ ላይ፣ የተያዘ፣ ያለቀ፣ ወደፊት በሚሉ ሁኔታዎች ይታያሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አምስት ደቂቃ ማየት ይበቃል። የሚቀጥለው ሬትሮ የሚከፈተውም በእነዚህ ታስኮች ነው። ካለፈው ሦስት ታስክ አንድም ካላለቀ አዲስ ታስክ አያውጡ፤ የዚያን ዕለት ርዕስ «ለምን አላለቀም?» ይሁን።

ከችግር ወደ ክህሎት

ከሦስት ሬትሮ በኋላ «የት ላይ ተያዝን» ከሚለው ዓምድ ካርዶቹን ሰብስበው ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ሰዎቹ ያንን ሥራ ቢችሉት ኖሮ ይህ ይቀር ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ችግሩ የጊዜ፣ የዕቃ ወይም የውሳኔ ነው፤ ሥልጠና አይፈታውም። ኮምፒውተር የጎደለበትን ክፍል ኮርስ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው። «አዎ» የሆኑት ናቸው የክህሎት ክፍተቶች።

ለእነዚህ በጉግል ሺትስ አንድ ሰንጠረዥ ይሥሩ። በግራ የአባላቱ ስም፣ ከላይ ክህሎቶቹ። ክህሎቱ በእጅ በሚሠራ ሥራ ይሰየም፦ «ዳታቤዝ» ሳይሆን «የዳታቤዝ ባክአፕ መመለስ»፣ «ክፍያ» ሳይሆን «የቴሌብር ክፍያ ማገናኘት»። ከ12 ክህሎት አይለፉ። እያንዳንዱ ራሱ ይሙላ፦

0 አላውቀውም
1 ሰው አጠገቤ ሆኖ እሠራዋለሁ
2 ብቻዬን እሠራዋለሁ
3 ለሌላ ማስተማር እችላለሁ

ሰው በትሕትና ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ በተለይ 3 መጻፍ ትዕቢት የሚመስላቸው አሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ አይከራከሩ፤ «ያለፈው ጊዜ ብቻህን የሠራኸው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀን ካለው 2 ነው። ይህ ሰንጠረዥም እንደ ሬትሮው ከምዘና ውጭ መሆኑን በራሱ በሰንጠረዡ አናት ላይ ይጻፉ።

አሁን ወደ ታች ያንብቡት። በየዓምዱ 2 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይቁጠሩ። አንድ ብቻ የሆነበት ዓምድ ያ ሰው ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ የሚቆም ሥራ ነው። ከእነዚህ መካከል በሬትሮ ካርድ ላይ በተደጋጋሚ የመጣውን አንዱን ይምረጡ። አንድ ብቻ፣ ለአንድ ወር።

አንድ አስተማሪ፣ አንድ ተማሪ ያጣምሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ በሥራ ሰዓት፣ ካላንደር ላይ። ደንቡ ኪቦርዱን የሚነካው ተማሪው ብቻ መሆኑ ነው። አስተማሪው «ቆይ እኔ ላሳይህ» ብሎ ኪቦርዱን የወሰደበት ቀን ትምህርቱ ይቆማል። የባክአፕ ምሳሌውን ብንወስድ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው በመፈተሻ ሰርቨር ላይ እየተነገረው ይመልሳል። በሁለተኛው እያንዳንዱን እርምጃ ከመሥራቱ በፊት ምን እንደሚሆን ይናገራል። በሦስተኛው ብቻውን ይሠራል፤ አስተማሪው አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ይላል፣ ተማሪው የቆመባቸውን ቦታዎች ብቻ ይጽፋል። በአራተኛው ተማሪው ከነዚያ ማስታወሻዎች የአንድ ገጽ መመሪያ ያዘጋጃል። መመሪያውን የሚጽፈው አዲስ የተማረው ሰው መሆን አለበት፤ የለመደው ሰው ግልጽ የሚመስለውን እርምጃ ይዘልላል። ፈተናው ሦስተኛ ሰው ገጹን ይዞ መሥራት መቻሉ ነው። ከተሳካ ሰንጠረዡ ላይ 1 የነበረው 2 ይሆናል፤ የሚቀጥለውም ክህሎት ይመረጣል።

አወያይነቱን ያዙሩ

ከአራተኛው ሬትሮ ጀምሮ አወያዩ ይቀየር። ፓራቦል ላይ በስብሰባው ውስጥ የአባሉን ምስል ነክተው አወያይነቱን ማስተላለፍ ይቻላል። የቡድኑ ኃላፊ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ መጀመሪያ እንዲያወያዩ የሚመረጡት በስብሰባ ብዙ የማይናገሩት ናቸው። አዲሱ አወያይ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የደቂቃዎቹን ክፍፍል በወረቀት ጽፎ ከፊቱ ያስቀምጥ፤ ቀዳሚው ደግሞ በዚያ ስብሰባ ሰዓቱን ብቻ ይጠብቅለት።